የአናጺው ዘውገ አዲስ ነገር

የአገሬን ስም አልናገርም። የሚያውቃት ሰው ስሟን ሳልጠራለት ይለያታል፤ ለማያውቃት ደግሞ ስሟ ምን ይረባዋል? ወንዝ አላት፣ ሸንጎ አላት፣ እስር ቤት አላት። እኔም በዚያች አገር በአቤት ባይነት የኖርኩ ይርዳው የምባል ሰው ነኝ።

አቤት ባይ ምን እንደሆነ ላስረዳ። በእኛ አገር እስረኛ ከግቢው ወጥቶ ሸንጎ ፊት መቆም አይችልም። ወረቀትም ሸንጎው አይቀበልም፤ ዳኞቹ "ወረቀት ፊት ስለሌለው አያፍርም" ይላሉ። ስለዚህ እስረኛው የሚለውን ለአቤት ባይ ይነግረዋል፤ አቤት ባዩም ቃሉን ተሸክሞ ይሄድና አደባባይ ቆሞ ይጮኸዋል። ከራሱ የሚጨምረው የለም። እስረኛው አልበደልኩም ካለ "አልበደልኩም!" ነው፤ በደልኩ ካለም "በደልኩ!" ነው። እኔ በዚህ ሥራ ጥሩ ስም ነበረኝ።

ዘውገ አናጺ ነበር። በወንዛችን ላይ የመጀመሪያውን የእንጨት ድልድይ የሠራው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚሻገረው በአጥናፉ ታንኳ ነበር። ድልድዩ ሲመረቅ ከአጥናፉ በቀር ከተማው በሙሉ ጨፈረ። የአጥናፉ ታንኳ ዳር ላይ ተገልብጣ የዶሮ ማደሪያ ሆነች።

በሁለተኛው ክረምት አንድ የጨው ነጋዴ ከነበቅሎው ሲሻገር ድልድዩ ከመሐሉ ተሰበረ። ነጋዴውንም በቅሎውንም ጎርፍ ወሰዳቸው። ሰው ወርዶ ሲያይ ተሸካሚ ግንዶቹ በመጋዝ ተገዝግዘዋል። ወዲያው "መጋዝ ያለው ማን ነው?" ተባለ። መጋዝ ያለው ዘውገ ነው።

"በገዛ እጄ የሠራሁትን በገዛ እጄ ለምን እቆርጠዋለሁ?" አለ ዘውገ በፍርዱ ቀን።

"ድልድይ ካልፈረሰ አናጺ ምን ሠርቶ ይበላል?" አለ ከሳሹ።

"በድልድዩ የተጎዳ ሰው ቢኖር አጥናፉ ነው። እሱን ጠይቁት።"

አጥናፉ ተጠየቀ። "እኔ መጋዝ የለኝም" አለ። አልዋሸም፤ ያን ቀን አልነበረውም። ዘውገ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

በአገራችን ሕግ የተፈረደበት ሰው አንድ አቤቱታ አለው፤ አንድ ብቻ። ዘውገም አንዱን አሰማ። ያን ጊዜ የጮኸለት እኔ አልነበርኩም፤ ሌላ አቤት ባይ ነበር። ሰውየው ጉንፋን ይዞት ስለነበር ዳኞቹ ግማሹን አልሰሙትም ይባላል። ሆኖም "ተሰምቶ ውድቅ ሆኗል" ተባለ።

ዘውገ ሚስቱ ቀደም ብላ ስለሞተች ያለችው አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስንቅነሽ ትባላለች። አባቷ ሲታሰር ገና በአፍላ ዕድሜ ላይ ነበረች። አክስቷ ዘንድ ሆና ገመድ እየገመደች አደገች። ስለ አባቷ ለሚጠይቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ "አባቴ አላደረገውም" ትላለች። ረዥም ክርክር አታውቅም፤ ይህንኑ ብላ ወደ ገመዷ ትመለሳለች።

ከዚያ አጥናፉ ታመመ። ሊሞት ነው ተባለ። እሱም ጎረቤቱን አስጠርቶ "ድልድዩን የገዘገዝኩት እኔ ነኝ፤ የዘውገ ደም አለብኝ፤ የነጋዴውም ደም አለብኝ" ብሎ ተናዘዘ። ከተናዘዘ በኋላ ላብ አጠመቀው፤ ትኩሳቱ ወረደ፤ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ጠየቀ። ብዙ ሰው "በትኩሳት ቀባጥሬ ነው በል" ብሎ መከረው። አጥናፉ ግን እንዲያ አላለም። እግሩ መሬት መርገጥ ሲችል በትር ተደግፎ ወደ ሸንጎ ሄደና እዚያም ያንኑ ደገመው።

ሸንጎው ፈረደበት። እውነት ስለ ተናገረ ቅጣቱ አጭር ሆነ። ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው "አንዱን ድልድይ ሁለት ሰው ለየብቻው እንዴት ይቆርጠዋል?" ብሎ ጠይቆ ነበር። ዳኛውም "ድልድይ ሁለት ጫፍ አለው" ብሎ መለሰለት። ጥያቄው በዚሁ አለቀ።

በማግስቱ ስንቅነሽ ቤቴ መጣች። እየሮጠች ስለነበር ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል።

"ጋሽ ይርዳው፣ አባቴ ሊወጣ ነው!"

"ማን አለ ልጄ?"

"አጥናፉ አምኗል እኮ! አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ። አባትሽ ግን አንዱን አቤቱታ ጨርሷል።"

"ሁለተኛ ያሰማላ!"

እንግዲህ ስለ ደጅ ሸንጎ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ አቤት የሚል ሰው በቀጥታ ወደ ውስጥ ሸንጎ አይገባም። መጀመሪያ ደጁ ላይ የተቀመጡ ሦስት ዳኞች ይሰሙታል። እነዚህ ዳኞች ሰውየው በድሏል ወይስ አልበደለም አይሉም፤ ያ የእነሱ ሥራ አይደለም። እነሱ የሚያዩት አዲስ ነገር ይዟል ወይስ አልያዘም የሚለውን ነው። ይዞ ከሆነ በሩ ይከፈታል። ካልያዘ ይመለሳል።

"አዲስ ነገርማ አለን" አለች ስንቅነሽ። ነጠላዋን አነሳች። እኔም እውነት ለመናገር፣ አላት ብዬ አሰብኩ።

ወደ ሸንጎው ስንሄድ ብቻችንን አልነበርንም። የከተማው ሰው ግማሹ ወጥቶ አደባባዩን ሞላው። ከሁሉ የገረመኝ የሟቹ የጨው ነጋዴ ሚስት እማዋይሽ መምጣቷ ነው። አጥናፉ ያመነ ዕለት እስር ቤት ሄዳ የዘውገን ጉልበት ስማ "ስረግምህ ኖሬያለሁ፣ ይቅር በለኝ" ብላዋለች አሉ። አሁን ስንቅነሽ አጠገብ መጥታ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ ቆመች።

የደጁ ሸንጎ አለቃ ሊቀ ደጅ ይባላል። ቁጡ ሰው አይምሰላችሁ። ደግ ፊት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ አቤት ባይ ሲያስለው ውሃ የሚያስመጣ ሽማግሌ ነበር። ቃሉን ጮኬ ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦

"ደህና ሰማንህ። ሰውየው ምን ይላል ነው የምትለው?"

"አላደረግኩትም ይላል ጌታዬ።"

"በመጀመሪያውስ ምን ብሎ ነበር?"

"አላደረግኩትም።"

"ታዲያ አዲሱ የቱ ነው?"

"አዲሱ የአጥናፉ ማመን ነው ጌታዬ።"

ሊቀ ደጁ ወደ ቀኝ ዳኛው ዞረ፣ ከዚያም ወደ ግራ ዳኛው ዞረ። "ዘውገ በተፈረደበት ቀን 'አጥናፉን ጠይቁት' ብሎ አልነበረም?"

"ብሎ ነበር።"

"እንግዲያው አጥናፉ መሆኑን ያን ጊዜም ያውቅ ነበር። ሰው ሲያውቀው የኖረ ነገር አዲስ አይባልም።" አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። "ምነው ባይጠረጥረው ኖሮ።"

ተመለስን። ይግባኝ እንዳልጠይቅ በደጅ ሸንጎ ላይ ይግባኝ የለም፤ "ደጅ ላይ ደጅ አይሠራም" ይላል ሕጉ። ለዘውገ ስነግረው በእስር ቤቱ አናጺ ቤት እየላገ የነበረውን ጣውላ አስቀመጠ።

"አዲስ ነገር ከየት ላምጣ ይርዳው?" አለኝ። "እኔ ያው ነኝ።"

አጥናፉም በዚያው እስር ቤት ነበር። መጀመሪያ ዘውገ አላናገረውም። በአንድ አግዳሚ ላይ እየሠሩ አንድ ዓመት ያህል ዝም ተባብለው ከረሙ። አንድ ቀን አጥናፉ ጣቱን በመሮ ቆረጠ። ዘውገ ተነሥቶ ጨርቅ ቀድዶ አሰረለት፤ "መሮ እንዲህ አይያዝም" ብሎም አሳየው። ከዚያ ወዲያ ይነጋገሩ ጀመር። መጋዙን ከድልድዩ በታች ካለው ጥልቅ የወንዝ ኩሬ ውስጥ መጣሉን አጥናፉ የነገረው ያን ሰሞን ነው።

በበጋው ውሃው ሲጎድል ስንቅነሽና የሰፈሩ ሰው ያንን ኩሬ ቆፈሩት። ጭቃ ውስጥ ሲዳክሩ ከርመው መጋዙን አገኙት። እጀታው ላይ የአጥናፉ አባት በታንኳውም ላይ ያስቀረጸው ዓሣ ነበረበት፤ ያንን ምልክት የማያውቅ ያገር ሰው የለም። መጋዙን በጨርቅ ጠቅልለን ደጅ ሸንጎ ፊት አስቀመጥነው።

ሊቀ ደጁ አጎንብሶ አየው። ዓሣውንም በጣቱ ዳሰሰው። "የት ተገኘ?"

"ከወንዙ ጌታዬ።"

"ወንዙ ከፍርዱ በፊት የት ነበር?"

"እዚያው ነበር።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልፈለጋችሁም?"

"መጋዙ እዚያ እንዳለ አናውቅም ነበር።"

"ወንዙን ግን ታውቁት ነበር" አለ ሊቀ ደጁ። "የተጋ ሰው ያገኘው የነበረ ነገር፣ ስላልተጋ አዲስ አይሆንለትም።"

ያን ዕለት ውድቅ ብቻ አልሆነም። ሁለቴ የተመለሰ እስረኛ "ሸንጎ አድካሚ" ይባላል፤ ሸንጎ አድካሚም ክረምቱን ሙሉ ዘመድ አይጠይቀውም። ስንቅነሽ በዝናብ እየመጣች የእስር ቤቱ ግንብ ሥር ትቆም ነበር። አባቷ ባያያትም ቆማ ትሄዳለች።

ሦስተኛው የደጅ አቤቱታ ከሌላ ሰው ዕድል የመጣ ነው። በሩቅ ወረዳ የአንድ እንጨት ፈላጭ ጉዳይ እስከ ውስጥ ሸንጎ ደረሰና "መጋዝ መያዝ ብቻውን ሰውን ወንጀለኛ አያደርግም" ተብሎ ተፈረደ። አገሩ ሁሉ "ይህ ዘውገን ነው የሚመለከተው" አለ። እኔም በሙሉ ልቤ ሄጄ ጮኽኩ።

"መልካም ሕግ ነው" አለ ሊቀ ደጁ። "እኔ ራሴ ስሰማ ደስ ብሎኛል። ግን ሕጉ የወጣው ለሚመጣው ሰው ነው። ዘውገ የተፈረደበት መጋዝ መያዝ ወንጀለኛ ያደርግ በነበረበት ዘመን ነው።"

"ጌታዬ፣ ሰውየው አሁንም ታስሯል እኮ።"

"የታሰረው ያኔ ነው" አለኝ። ውሃም አስመጣልኝ።

ከዚህ በኋላ የዘመድ ጥየቃው ለክረምት ብቻ ሳይሆን "አቤት ማለቱን እስኪተው ድረስ" ተከለከለ። እኔ ግን አቤት ባይ ስለሆንኩ መግባት እችል ነበር። የአባትን ቃል ለልጅ፣ የልጅን ለአባት አመላልስ ነበር። በመካከሉ ስንቅነሽን የሚፈልግ ጥሩ ሰው ተገኘ። ከወንዙ ማዶ ያለ ሸክላ ሠሪ ነው። ሽማግሌ ላከ። እሷም "አባቴ ሳይወጣ አልዳርም" አለች። ሰውየው እጠብቃለሁ አለ። መጠበቁ ግን ረዘመ።

አጥናፉ ቅጣቱን ጨርሶ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። እኔም እዚያ ነበርኩ። ኩታውን ለብሶ ሊሰናበት መጣና ዘውገ እግር ሥር ተንበረከከ።

"ጋሽ ዘውገ፣ እኔ ገዳዩ ወጥቼ አንተ ትቀራለህ?"

"ሂድ፣ ተነሥ ባክህ። ሰው ያያል።"

"አንተም እኮ መውጣት ትችላለህ። 'እኔ ነኝ' በልና ምሕረት ለምን። ምሕረት ላመነ ሰው ክፍት ነው። እኔንም የረዳኝ ማመኔ ነው።"

"አንተ ነሃ ያደረግከው!"

"እኔማ ነኝ። እኔ ነኝ ብዬ ወጣሁ። አንተም በልና ውጣ።"

ዘውገ ሳቀ። እስር ቤት ከገባ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። አጥናፉ ከሄደ በኋላ መላጊያውን አንሥቶ ሊሠራ ሞከረ፤ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀምሮ ነበርና ጣውላው ጎረበጠበት።

በሌላ ጊዜ ስሄድ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

"ሸክላ ሠሪው አሁንም አለ?" አለኝ።

"አለ። እናቱ ግን ሌላ ፈልግ እያሉት ነው ይባላል።"

"እኔ ብቻዬን ብታሰር እችለው ነበር ይርዳው። አሁን የታሰርነው ሁለት ነን።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የምጮኸለትን ቃል ነገረኝ።

"ዘውገ፣ ይህ ውሸት ነው" አልኩት።

"እውነቱን ሦስት ጊዜ ጮኽክልኝ። የት አደረሰን?"

"ለስንቅነሽ ልንገራት?"

"እንዳትነግራት! ከነገርካት ታስቀረኛለች። ቤት ስገባ እኔው ራሴ አስረዳታለሁ። ልጄ አይደለች? ይገባታል።"

አልነገርኳትም። የእስረኛ ቃል ያለ ፈቃዱ አይነገርም፤ የሥራው ደንብ ነው። ደንቡን ጠብቄአለሁ። እስከ ዛሬ ግን ምነው ያን ቀን ጉንፋን በያዘኝ እላለሁ።

አደባባዩ እንደ ወትሮው ሞልቶ ነበር። ስንቅነሽ የት እንደምትቆም አውቃለሁ፤ እማዋይሽም እጇን እንደ ልማዷ ትከሻዋ ላይ አሳርፋለች። ወደ እነሱ አላየሁም። ደረቴን ነፍቼ ጮኽኩ፦

"ድልድዩን የቆረጥኩት እኔ ዘውገ ነኝ! የሰው ነፍስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ምሕረት እለምናለሁ!"

ሊቀ ደጁ ከመቀመጫው ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የውሸት እንባም አልነበረም። "ይኸው!" አለ ወደ ሁለቱ ዳኞች እየዞረ። "እስከ ዛሬ ብሎት የማያውቀውን አለ! አዲስ ነገር ይሉሃል ይህ ነው።" በሩም ተከፈተ። የውስጥ ሸንጎ በዚያው ቀን ሰምቶ ምሕረት ሰጠ።

እኔ ግን የማየው ስንቅነሽን ነበር። "ተሳስተው ነው!" ትላለች በየሰዉ ፊት እየዞረች። "ጋሽ ይርዳው ተሳስተው ነው፣ ስሟቸው እንጂ፣ 'አልቆረጥኩም' ሊሉ ነው!" እማዋይሽ እጇን ከትከሻዋ ቀስ ብላ አነሳች። አልተቆጣችም። ነጠላዋን አጣፍታ በሰዉ መካከል አልፋ ሄደች።

ዘውገ በሳምንቱ ወጣ። የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበር። ስንት ዓመት አደባባይ የቆሙለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታ ይሰጡታል፤ ግን አይቆሙም። "ለካ ስንጮኽ የኖርነው ለውሸት ነው" ይላሉ ካለፉ በኋላ። አጥናፉ ድልድይ ስለሌለ ታንኳውን ጠግኖ ሰው ማሻገር ጀምሮ ነበር። ለሚሳፈር ሁሉ "ዘውገ ንጹሕ ነው፤ ድልድዩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" ይላል። ተሳፋሪውም "እሺ፣ እሺ፣ ብቻ ቀጥ አድርገህ ቅዘፍ" ይለዋል። ሰዉ "ያ ትኩሳት ጭንቅላቱን ነክቶታል" ብሎ ያዝንለታል።

የሸክላ ሠሪው ቤተሰቦችም ሽማግሌዎቻቸውን መለሱ። "የታሰረ ሰው ልጅ ማግባት ነውር የለውም፤ ያመነ ሰው ልጅ ግን ይከብዳል" አሉ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው፤ ወደ ቤታቸው መሄድ ፈርቼ ነበርና። ኋላ ግን ሄድኩ። ስንቅነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ገመድ ትገምዳለች። በርጩማ ሰጠችኝ። ጤንነቴን ጠየቀች፤ ስለ አባቷም ጠየቅኳት። አይወጣም፣ አይሠራም፣ እጁ ብሶበታል አለችኝ። ገመዷን መግመድ ቀጠለች።

"አስረድቶኛል" አለች ከዚያ። "ለእኔ ሲል ነው አሉ። ሸክላ ሠሪውን እንዳላጣ ብሎ ነው።"

"እውነቱን ነው የነገረሽ።"

"እኔም እውነት ነው እላለሁ። ቀን ቀን እላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን አፌ እንደ ድሮው አይፈጥንም።" ገመዱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። "ጋሽ ይርዳው፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። የአባቴን ቃል ሁሉ የተሸከሙት እርስዎ ነዎት። ውሸቱ የቱ ነበር?"

"የመጨረሻው ነው ልጄ። በእግዚአብሔር ስም፣ የመጨረሻው ነው።"

ትክ ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ዓይኖቿ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ዓይን ቀልተዋል።

"ሁሉንም ግን በአንድ ድምፅ ነው የጮኹት" አለችኝ።

ከውስጥ ዘውገ ሳል ይዞት ቆየና "ስንቅነሽ! ማን ነው የመጣው?" ብሎ ተጣራ።

"እንግዳ ነው አባዬ" አለች። "ሊሄድ ነው።"

ተነሣሁ። በርጩማውን አንሥቼ ግድግዳው ጥግ አስቀመጥኩላትና ሄድኩ።